ጃንዋሪ አንድ የተወለዱት

አፍንጫዬን የሰበረው የገዛ ኮዴ ነው ብል አላጋነንኩም።

እስራኤል፣ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን፣ ከብረት በያጆች በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ድረ ገጽ እሠራለሁ። የሰፈራችን ሰዎች ጎንደር የቀሩ፣ ወደዚህ ለመምጣት ተራ የሚጠብቁ ዘመዶቻቸውን የሚመዘግቡበትን ገጽ በነጻ ሠርቼላቸው ነበር። ዝርዝሩ ሐሙስ ቀትር ላይ ታትሞ መግቢያ ለሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ከዚያ የጎደለ ሰው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ማንም አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት አንድ ሰው ሁለቴ ተመዝግቦ አየሁና ተናደድኩ። ስሙ፣ የአባቱ ስምና የልደት ቀኑ አንድ ከሆነው ሁሉ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን የሚሰርዝ ኮድ ጻፍኩ። ሦስት መስመር! በራሴ ኮርቼ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት የሰፈር ጎረቤታችን የሥራ ክፍሌን በር በእርግጫ ከፍቶ ገባ። ስልሳ የተጠጋ፣ መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚሸከም ሰው ነው።

«እህቴስ? ትናንት ረሺማው ላይ ስሟ ነበረ፣ ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም!»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ማህሼቩን ከፍቼ ስሟን ልፈልግ...»

ሳልጨርስ በቡጢ አፍንጫዬን አለኝ። የኮምፒውተሩን ስክሪን አንስቶ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። እኔም ደሜ ፈላ፤ ዕድሜውን ረስቼ ኮሌታውን ይዤ ከጠረጴዛው ጋር አላተምኩት። ከንፈሩ ተተረተረ። በያጆቹ ሮጠው ባይገላግሉን ኖሮ አንዳችን ይሞት ነበር።

«ሃያ ዓመት ጠበቅኳት!» እያለ ያለቅስ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ቅጼ ቀንና ወር ካልተሞላ አያልፍም። የኛ ሰው ደግሞ ዓመቱን በደፈናው ቢገምት እንጂ ቀኑን ከየት ያመጣል? ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ብሎ ይሞላል። የአባቴ መታወቂያ ላይ ያለውም እሱው ነው። ይህን እያወቅሁ ሰውን በልደት ቀኑ ለየሁ፤ ስሟና የአባቷ ስም ከሌላ ሴት ጋር ስለገጠመ ኮዴ እህቱን ሰረዛት። ለእያንዳንዱ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነበረብኝ። ደደብ!

አንድ ነገር ብቻ በደንብ ሠርቻለሁ፤ ከመሰረዜ በፊት ቅጂ አስቀምጫለሁ። ይህን ሙያ የምትጀምር ሁሉ፣ ሌላው ቢቀር ይህቺን ያዝ። ደሜን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ላፕቶፔን ከፈትኩና የተሰረዙትን ስሞች አወጣሁ። እህቱ ተገኘች። ከሷ ቀጥላ ሌላ ሴት አለች፤ ጎንደር ያለችው የእናቴ እህት፣ እኔው በእጄ የመዘገብኳት።

«አክስቴ» አልኩ።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ አነበበና ደም ተፋ።

«ስለሷስ ማን ይምታህ?» አለኝ።