በፍልሰታ የተመለሰው ክኒን

ሰሞኑን ነቀምቴ ውስጥ ከሆስፒታሉ ወደ ቤቴ የተሳፈርኩባት ባጃጅ የጉባኤ አዳራሽ ሆና አረፈችው። ሹፌሩ ስልኩ ላይ ስብከት ከፍቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ መታወቂያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። "ወንድሜ፣ በዚህ በሳይንስ ዘመን ይሄን ታዳምጣለህ?" አለው። ሹፌሩ የስልኩን ድምፅ ጨመረው። ልጁም ድምፁን ጨመረ። እኔ መሃል ላይ ጆሮዬን ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "እማማ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱን፤ ሃይማኖት በዚህ ዘመን ክብር ይገባዋል ወይስ አይገባውም?"

"እኔ የማውቀው እዚህ ጋ ወራጅ መሆኔን ነው" ብዬ ወረድኩ። ቤቴ ገና ነበር። የቀረውን መንገድ ጭቃውን እየረገጥኩ በእግሬ ሄድኩ። ንዴቴ በልጆቹ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በየጤና ጣቢያው ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር አንድ የነሐሴ ቀን ትዝ ይለኛል፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ቆሽቴ ያራል።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። በጤና ረዳትነት ሠልጥኜ አርጆ ተመደብኩ። አርጆ ደጋ ነው፤ በክረምት ጉሙ ሳይጋበዝ ቤት ይገባል። ቁልቁል ወደ ደዴሳ ሲወረድ ግን አየሩ ይሞቃል፣ ሣሩ ሰው ይውጣል፣ በወንዞቹ ዳር ደግሞ አንዲት ጥቁር ዝንብ አለች። እሷ የነከሰችው ሰው ቆዳው ሥር ትል ይራባል። ትሉ መጀመሪያ ያሳክካል፣ ዓመታት ሲቆይ ዓይን ያጠፋል። ማሳከክ ስላችሁ እኔና እናንተ የምናውቀው ዓይነት አይምሰላችሁ። ጥፍር አልበቃ ብሎት በድንጋይ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚፋተግ ሰው አይቻለሁ።

መድኃኒቱ አለ። በዓመት አንድ ቀን የሚዋጥ ነጭ ክኒን ነው። መንደሩ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ሰው ምልክት ከተደረገበት እንጨት ጎን ይቆማል፣ እንደ ቁመቱ ክኒኑ ይሰጠዋል፣ እዚያው ፊታችን በውሃ ይውጠዋል። ቤቱ ይዞት ከሄደ ክኒኑ ለማይፈቀድላት ነፍሰ ጡር ሚስቱ የሚያካፍል አለ፤ ኧረ ለላሙ የሚሰጥም አለ። ስለዚህ ደንቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ቡድናችንን የሚመራው ከዞን የመጣ አቶ ጌታሁን የሚባል ሰው ነበር። ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። በሽታውን አበጥሮ ያውቃል፣ ጭቃ አይፈራም፣ በሽተኛ አይጸየፍም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ መጠበቅ። ኦሮምኛ ስለማያውቅ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። የጉራጌ ልጅ ብሆንም ነቀምቴ ተወልጄ፣ አባቴ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀልኩ ነው አፌን የፈታሁት።

የኛ ቤት ደግሞ ጉድ ነበር። አባቴ ሙስሊም፣ ታናሽ ወንድሙ ኦርቶዶክስ፣ ሱቁ የሁለቱም፣ ጎረቤቶቻችን በሙሉ ጴንጤ። እናቴ ጠዋት ድስት ከመጣዷ በፊት "ዛሬ የሚጾመው ማነው?" ብላ ትጠይቃለች። ትጠይቃለች፣ ትሰማለች፣ እንደዚያው ትሠራለች። የማን እምነት ልክ ነው የሚል ሙግት እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ርቦት ነበርና ለሙግት ጊዜ አልነበረም።

የዚያን ቀን የወረድንበት መንደር የኦርቶዶክሶች ነበር፣ ጊዜውም ፍልሰታ። ሌላውን ጾም ዝም ብሎ የሚያልፈው ሰው እንኳ ፍልሰታን ይጾማል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ። ቅዳሴው እስኪያልቅ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ውሃ ወደ አፍ አይገባም። ፕሮግራሙ ሲወጣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢጠየቅ ምን ነበረበት! ቀኑን የቆረጡት ነቀምቴ ቢሮ ቁጭ ብለው ነው።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካ ሥር ጠረጴዛችንን ዘረጋን። የመንደሩ ሰው እንግዳ ማሳፈር አይወድም፤ ከጠዋቱ ጸሎት እየወጣ መጣልን። "አከም ጂርቱ፣ ነጋዳ?" ተባብለን ሰላምታው ራሱ ጊዜ ፈጀ። ተሰለፉ፣ ተለኩ፣ ክኒኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የውሃውን ኩባያ ስዘረጋ ግን ክኒኑን ጨብጠው በኦሮምኛ ስለ ጾማቸው ነገሩኝ።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ አቶ ጌታሁን።

"ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንውጣለን እያሉ ነው።"

"ውሃ እኮ ነው! አንድ ጉንጭ ውሃ ጾም ያፈርሳል?"

"ለእነሱ ያፈርሳል።"

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ጴንጤዎች ናቸው፣ ዛሬ አይጾሙም፤ እነሱን አሁን እንጨርስና ከሰዓት እዚህ እንመለስ አልኩት። ከሰዓት ዝናብ ነው፣ መኪናው ዳገቱን አይወጣም አለኝ። ውሸቱን አልነበረም። እንግዲያው እዚሁ እንጠብቃቸው አልኩ። ይሄኔ ፊቱን ቋጠረ።

"ስሚ፣ የመንግሥት ሥራ በቄስ ሰዓት አይሄድም። ዛሬ ለጾም ከጠበቅን ነገ ለታቦት፣ ከነገ ወዲያ ለማኅበር ልንጠብቅ ነው። በዚህ ዘመን! ትል ዓይናቸውን እየበላ! ይሄ ድንቁርና ነው በያቸው።"

ምን ብዬ ልበላቸው? "መንገድ ስላለበት ቸኩሎ ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

ከፊት የቆመችው አዴ ዲንቄ ነበረች፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ለዚህ ክኒን እንደ እሷ የጓጓ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ትመላለስ ስለነበር አውቃታለሁ። ወጣት እናት ነበረች፤ ቆዳዋ ግን የአሮጊት፣ ቅልጥሟ በነጭ በነጭ ዥንጉርጉር ያለ። ስትፋተግ ስለምታድር ባሏ ሌላ መደብ ላይ እንደሚተኛ ራሷ አጫውታኛለች። ዓይኗም መቅላትና ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ፈገግ አለችና በአማርኛ "ተዪው ልጄ፣ ያለውን ሰምተናል" አለችኝ።

እጇን ያዝኩ። "አዴ ዲንቄ፣ አንቺ እንኳ ዋጪው። በሽተኛ እኮ በጾም አይገደድም፤ ቄሱም ይፈቱሻል።"

"እሱስ ይፈቱኛል" አለች። ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። "ከነጋ ጀምሮ ውሃ፣ ውሃ ሲሉኝ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። እነሱ እያዩኝ እንዴት አድርጌ ልጠጣ?"

ይህንን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ አቶ ጌታሁን በጆሮው ሰምቶታል። ሰምቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የክኒኑን ቆርቆሮ አንስቶ ከሰው ሰው እየዞረ ክኒኑን ለቀመው። "አምጡ። አምጡ።" ሰዉ በሁለት እጁ እንደተቀበለ በሁለት እጁ መለሰ። አዴ ዲንቄ መዳፏን ወዲያው አልከፈተችም። ክኒኑን አየችው፣ ልጆቿን አየች፣ ከዚያ ከፈተችው።

ቄሱ በዚያ ሰዓት ደጀ ሰላሙ በር ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ቅዳሴ ገና አልተገባም። "የታመማችሁ ዋጡ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል! እሳቸው ግን አቶ ጌታሁን ሕዝባቸውን ስላመናጨቀ ተቀይመው ፊታቸውን አዞሩ። እንግዲህ በየትኛው ልናደድ? በሁለቱም ደሜ ፈላ።

ተሳፍረን ወረድን። ዝናቡ የአቶ ጌታሁንን ፕሮግራም አላየ ኖሮ ከሰዓት ሳይጠብቅ ዱብ ዱብ አለ። መኪናችን ከመንደሩ ሳትርቅ ከቁልቁለቱ ግርጌ ተቀረቀረች። ሹፌሩ ድንጋይ ከተተ፣ ቅጠል ከተተ፣ እኛም ወርደን ገፋን፤ ወይ ፍንክች! ማዶ ያለውም መንደር ቀረ። ከላይ የቅዳሴው ዜማ ይሰማናል። አስቡት እንግዲህ፤ መጠበቅ አልችልም ብሎ የወጣ ሰው መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ያንኑ ቅዳሴ ይጠብቃል። ልስቅ ብዬ ነበር፤ ረሃቡ አላስቀኝም።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዎቹ ሳንጠራቸው ወደ እኛ ወረዱ። ወንዶቹ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ግንድ ተሸክመው መጥተው ከጎማው ሥር አጋደሙ። ሴቶቹ የባቄላ ንፍሮና በኮባ የተጋገረ ትኩስ ዳቦ አቀረቡልን። ያ ዳቦ! የኮባው ሽታ ያለበት፣ ቅርፊቱ ቅርጥፍ የሚል፣ ውስጡ እንፋሎት የሚተፋ። አቶ ጌታሁንም እጁን ታጥቦ፣ አመስግኖ በላ።

አዴ ዲንቄ ወደ መኪናው መስኮት መጣች። ፊቷ ፈክቷል፤ እሷም ልጆቿም ቀምሰዋል፣ ጠጥተዋል። ሁለት እጇን ዘርግታ "አሁን ጾማችን ተፈትቷል" አለች። ከኋላዋ ሰዉ ተሰልፎ ነበር። ቆርቆሮው የት ነበር መሰላችሁ? አቶ ጌታሁን ጭን ላይ።

"ጠዋት እምቢ ብላችኋል፤ ተራችሁ አልፏል" አላት።

"አቶ ጌታሁን፣ እባክዎ!" አልኩት። "ውሃው አለ፣ እንጨቱ አለ፣ ሰዉ ቆሟል። አሁኑኑ እንጨርሳለን።"

"ዛሬ ብሰጣቸው ለከርሞ ማን ይሰማናል? ሥርዓት ይማሩ።"

ቆርቆሮውን ልወስድ እጄን ሰደድኩ። ቀድሞኝ በሁለት እጁ ያዘውና "ሥራሽን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ሰዎቹ ግን መኪናውን ገፉልን። ጎማው ተፈናጥሮ ሲወጣ ጭቃው ፊታቸው ላይ ተረጨ። አዴ ዲንቄ እጇን ገና አላጠፈችም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ይሄ ሳይንስ ነበር? ክኒኑ ጠዋት ቢዋጥ ከሰዓት ቢዋጥ ያው ነው። ትሉ ሰዓት አይቆጥርም። ሳይንሱ ይህን ነው የሚለው። የአቶ ጌታሁን ሳይንስ ግን ተራ እልህ ነበር፤ ነጭ ጋዋን ስለለበሰ ስሙ አይለወጥም።

ሃይማኖተኞቹንም አልምርም። በተከታዩ ዓመት ጾም በሌለበት ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ተመለስን። ዋርካው ሥር ማንም የለም። ለካ አንድ ባሕታዊ አልፎ ኖሮ "ክኒኑ ጾም ሊያስገድፋችሁ የመጣ ነው፣ የዋጠ ከማተቡ ይለያል" ብሎ ሄዷል። በየበሩ ዞርኩ፤ የአዴ ዲንቄ ባል በሩን ገርበብ አድርጎ "የለችም" አለኝ፣ ሳሏ ከውስጥ እየተሰማኝ። ቄሱ ጋ ሮጥኩ።

"አባ፣ እርስዎ መድኃኒት መሆኑን ያውቃሉ። አርጆ መጥተው ከእጄ ውጠዋል እኮ!"

"ሕዝቡ ተቀይሟል ልጄ። እኔ ምን ላድርግ?"

ምን ላድርግ! ለእሳቸው ተፈቅዶ ለምእመናቸው የማይነገር ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? በአክብሮት ጎንበስ ብዬ ወጣሁ፤ አጥሩን ስሻገር ግን በንዴት አለቀስኩ። ያ መንደር ክኒኑን እንደገና መዋጥ እስኪጀምር እኔ ወደ አኖ ተዛውሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ነበር።

ዘንድሮ ለለቅሶ አርጆ ሄጄ ገበያው ውስጥ አዴ ዲንቄን አገኘኋት። ሴት ልጇ ክንዷን ይዛ ትመራታለች። ቆዳዋ ድኗል። ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ጠፍተዋል፤ ክኒኑ ሲደርስላት የጠፋውን መመለስ አልቻለም። ድምፄን ስትሰማ ወዲያው "ያቺ የጉራጌዋ ልጅ!" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ዓይኗ ስጠይቃት "እግዜር ያመጣው ነው" አለችኝ።

ለዚህ ቃል ትዕግሥት የለኝም። "እግዜር አይደለም አዴ ዲንቄ! እኛ ነን ያመጣነው! ቆርቆሮው ጭኑ ላይ ነበር እኮ!" ብዬ ገበያ መሃል ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ፊቴን በእጇ ፈልጋ ዳበሰችኝ። "አውቃለሁ እኮ ልጄ" አለች። "እግዜር ነው የምለው እናንተን እንዳልጠላ ነው።"

ሃይማኖት ክብር ይገባዋል አይገባውም የሚለውን የሚችል ይመልሰው። የዚያን ቀን ከእኛ የተፈለገው ክብር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፈግናት። እኛ ጾሟን አላከበርንላትም፣ እሷ ግን የእኛን ጥፋት ዛሬም አምላኳ ላይ ትጥልልናለች። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።