የእትዬ ከዲጃ የውኃ ተራ

ዛሬ ጠዋት ወልድያ ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። «ይህ ሙከራ ነው» ይላል መልእክቱ፤ ላኪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አጠገቤ ለተቀመጠውም ሰውዬ ደርሶት ኖሮ ሳቀ። እኔ ግን የመርሳው ሽንኩርት ትዝ አለኝና ሳቅ አልመጣልኝም።

ነገሩ ከዓመታት በፊት ነው። ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነው፤ ኮድ በመጻፍ ከእኔ ወዲያ ላሳር ባይ ነበርኩ። ወልድያ አቅራቢያ ላሉ የመርሳ መስኖ ተጠቃሚዎች የውኃ ተራቸውን በስልክ መልእክት የሚነግር ፕሮግራም ሠራሁ። ከዚያ በፊት ተራ የሚናገሩት ውኃውን የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት፣ አያ ሰይድ፣ ነበሩ፤ በበጋው ፀሐይ ከማንጎ ጥላ ወደ ማንጎ ጥላ እያሉ፣ በእግራቸው።

ፕሮግራሙን ስፈትሽ መልእክቱ የእውነት እንዳይሄድ በላኪው ቦታ የውሸት ላኪ መተካት ነበረብኝ። መልእክት የሚልከው የፕሮግራም ቁራጭ፣ እኛ ክላስ የምንለው፣ ደግሞ የኔ አይደለም፤ ሌላ ኩባንያ ጽፎ፣ እንዳንነካካው ቆልፎ የሰጠን ነው። የውሸቱን አዘጋጀሁ፤ ፕሮግራሙ ግን እሱን አልፎ ውስጥ ለውስጥ እውነተኛውን ይጠራ ኖሯል። እንዴት? ወላሂ፣ ያኔ ምኑም አልገባኝም! ፈተናው «አልፏል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ለካ «ዛሬ ተራዎ ነው» የሚለው መልእክት ስልክ ቁጥራቸውን ለሙከራ ላስገባሁት፣ አያ ይመር ለሚባሉ ገበሬ ደርሷል። እሳቸውም ቦዩን ከፈቱ። የዚያን ቀን ተራ ግን የእትዬ ከዲጃ ነበር፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው። የሽንኩርት ችግኛቸው ያንን ውኃ ስምንት ቀን ጠብቋል።

ነገሩ በስልክ ተነግሮኝ በሚኒባስ መርሳ ስደርስ የአያ ይመር ማሳ ጭቃ ሆኗል፤ የእትዬ ከዲጃ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ፣ ለሙከራ ነበር እኮ» አልኩ።

«በሰው ውኃ ይሞከራል እንዴ?»

አፈርኩ። ነገሩን ላስረዳ ብል ለራሴም ተምታታብኝ።

አያ ሰይድ ግን ጠጋ ብለው፣ «መልእክተኛው የሰው ነው አልህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ልለውጠው አልችልም።»

«እንግዲያ ደጁ ላይ የራስህን ሰው አቁም። መልእክቱን ለሱ ስጠው። ስትሞክር ይዋጠው፤ የእውነት ሲሆን ያድርሰው።»

እንዳሉኝ በፕሮግራሙና በተቆለፈው ክላስ መካከል የራሴን ትንሽ ክላስ አቆምኩ፤ እሱን በውሸት መተካት አላቃተኝም። አያ ይመርም ተራቸው ሲደርስ ውኃውን ለእትዬ ከዲጃ ለቀቁ። ግማሹ ችግኝ ግን ቀና ሳይል ቀረ።

ዛሬ ከባጃጁ ወርጄ ለእትዬ ከዲጃ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ መልእክት ደርሶዎት እንደሆነ ሙከራ ነው፤ ቦዩን እንዳይከፍቱ።»

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ስልክ የፈለገውን ይበል። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ሰይድ ዞሮ ሳይነግረን ከፍተን አናውቅም።»

ስልኩን ዘግቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ፕሮግራሜ እየሠራ ነው ስል፣ ለካ አያ ሰይድ ዛሬም በእግራቸው ናቸው።