እስቲ አንተ መጀመሪያ ተወጋ

ልጄ የሻረግ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲደርስባት እንቅልፍ አጥታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ወርደን ሳለ፣ ከደምበጫ አውቶቡስ የወረደ አንድ ባለመነጽር እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ብልቃጥ ደርድሮ፣ «ከውጭ የመጣ፣ የተማሩትን የማያስረሳ መርፌ!» ይላል። ልጄ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች።

«አባዬ፣ ብወድቅስ?» አለችኝ።

በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁና፣ «ወንድሜ፣ በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። እስቲ አንተ ተወጋልን» አልሁት።

«እኔማ ተወግቻለሁ፣ አባቴ!»

«ታዲያ ምን አደረገህ?»

ገበያተኛው ከበበው። ላቡን ጠረገና፣ «ያው ገና ሙከራ ላይ ነው። ትንሽ ራስ ያዞራል፤ ልብ ድው ድው ያደርጋል፤ እንቅልፍም ይነሳል» አለ።

«እንቅልፉንማ ያለ መርፌም አጥታዋለች!» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም እየሳቀች እጅጌዋን መለሰች። «በራሴ ጭንቅላት እፈተናለሁ» አለች፤ በእግዚአብሔር ቸርነት አለፈችም።

ያን ቅዳሜ ግን ሰውየው ብልቃጡን ሰብስቦ ሄደ ስንል ተመልሶ መጣ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ቅድም በየት በኩል ነበር የመጣሁት?» አለኝ።