ወደ ቁመቱ የተቀረጠው ጋቢ

ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በነቀምቴ ዋጋሪ የሚባል ሸማኔ ነበር። እጁ የተመሰከረለት ነው። ኋላ ግን በጋምቤላ በኩል በበቅሎ እየተጫነ የሚመጣው የባሕር ማዶ ጨርቅ፣ አቡጀዲ፣ ገበያውን ሞላው። ርካሽ ነው፤ ፈታይም ሸማኔም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሲርቁት ዋጋሪ ለነጋዴ ጭነት ማውረድ ጀመረ። የሚያወርደውም ያንኑ አቡጀዲ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያው መሐል ነጋሪት ተጎሰመ። "የውጭ አገር ፈትልና ጨርቅ በኬላ ቀረጥ ይክፈል! ሸማኔም ወደ ጉድጓዱ ይመለስ!"

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው የሚሠራው። ሰዉ ዋጋሪን እያቀፈ "እንኳን ለጉድጓድህ አበቃህ!" ይለው ጀመር። እሱም ሮጦ ቤቱ ገባና ጉድጓዱ ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አስነሣ።

ፈትል ግን ከየት ይምጣ? ሴቶቹ መፍተል ከተዉ ቆይተዋል። ሚስቱ ድርቤ አሥር ቀን የፈተለችውን እሱ ባንድ ቀን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወደ ጎን የሚገባውን ማግ ከድርቤ እንዝርት፣ ወደ ቁመት የሚዘረጋውን ድር ከሱቅ አደረገና አንድ ጋቢ አወጣ። ቤቱ ከኬላው ወዲያ ማዶ ስለነበር ወደ ገበያ ሲያልፍ የኬላው ጸሐፊ አስቆመው። ጸሐፊው አቶ አበጋዝ ከሸዋ የመጣ፣ ደንብ ከእህል የሚበልጥበት ሰው ነው።

"ክሩ የማን አገር ነው?" አለው።

ዋጋሪ መዋሸት አያውቅበትም። "ማጉ የሚስቴ ነው ጌታዬ። ድሩ የባሕር ማዶ ነው።"

አበጋዝ ጋቢውን ወደ ቁመቱ ዘረጋው፤ ወደ ጎኑ ዘረጋው። "እንግዲያው ወደ ቁመቱ ቀረጥ አለበት፤ ወደ ጎኑ ነፃ ነው። ግን ባንተ ቃል ብቻ አልፈርድም። ባለሙያ ይጠራ!"

ዘበኛው ገበያውን አዳርሶ ተመለሰ። "ጌታዬ፣ ፈትል ለይቶ የሚያውቅ ኦቦ ዋጋሪ ብቻ ነው አሉኝ።"

"መልካም። ኦቦ ዋጋሪ ይቅረብ።"

ዋጋሪ አንድ እርምጃ ቀረበ። አስማሉት። የገዛ ጋቢውን ገልብጦ አየና "ሸማኔው እውነቱን ነው" ሲል መሰከረ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። የአገሩ ክር አይያዝም፤ የውጭው ሳይቀረጥ አያልፍም፤ ዋጋሪ ደግሞ የሚከፍለው የለውም፤ ስለዚህ ይለያዩ። ዋጋሪ ቁጭ ብሎ ጋቢውን ተረተረ። ድሩ ኬላው ላይ ቀረ። ማጉ በቅርጫት ሆኖ በክብር አለፈ።

አበጋዝ እንዲህ ያለ ሐቀኛ አይቶ ስለማያውቅ በዚያው ቀን ለኬላው ተርታሪ አድርጎ ቀጠረው። ሥራው ሲበዛ ሌሎች አራት ሸማኔዎች ተጨመሩ። ለአገረ ገዢው "አምስት ሸማኔዎች ወደ ሥራ ተመልሰዋል" ተብሎ ተጻፈ። ውሸት የለበትም።

ድርቤ ማታ "ዛሬ ምን ሠራችሁ?" ስትለው፣

"ሁለት ጋቢና አንድ ኩታ አፈረስን" ይላታል።

"ዋቃዮ!" እያለች ፈጣሪዋን ትጠራለች እሷ።

ከመስቀል በኋላ ሎሚ የምትባል አሮጊት ነጠላዋን ለብሳ ኬላው ደረሰች። ዋጋሪ ጥለቱን ሲያይ አወቀው፤ ከዓመታት በፊት በሱቅ ድር ለልጇ ሰርግ የሠራላት ነው። አበጋዝ "ተርትረው!" አለው። ዋጋሪ ነጠላውን መልሶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና፣ "አያልፍም ካልክ እኔን ያዘኝ" አለ። አበጋዝ ደንቡን ቢያገላብጥ ሰው የሚቀረጥበት አንቀጽ አጣ።

በማግስቱ ዋጋሪና ድርቤ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጊዳ አያና ወረዱ። እዚያ ጥጥ አለ፤ ሴቶቹም ይፈትላሉ። መንገዱ ጭቃና ገደል ስለሆነ የአቡጀዲ ነጋዴ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ያለ ነጋሪትና ያለ ኬላ ዋጋሪ ቀን ሙሉ ሸመነ።

የጊዳ አያና ሽማግሌዎች መንገድ ይጠረግልን ብለው አቤቱታ ሲያጽፉ ግን ፈርም አሉት። ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ሳያሳርፍ ወረቀቱ አናት ላይ ይዞት ብዙ ቆየ።

"ምነው ኦቦ ዋጋሪ?" አሉት።

"ቀለሙ እስኪደርቅ ነው" አለ።