የአባቴ አፈር በአክስቴ ውቀጣ

«ይሄን ብኳለው ዓይኔ ይጠፋል!» አሉኝ አክስቴ ዘሃራ ዛሬ ጠዋት፣ የላብራቶሪ ናሙናዬን በሁለት ጣታቸው እያሹ።

ናሙናው የአባቴ የኩታበር ማሳ አፈር ነው። ማዳበሪያ ቢጨምርበትም ምርቱ አልጨምር ብሏል። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ማዳበሪያውን አስሮት እንደሆነ ለማየት ኤክስሬይ ይለቀቅበትና ምን ያህል ጨረር እንደዋጠ ይለካል።

ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ነው። ባለፈው የላክሁት «ሻካራ ነው፣ ጨረሩ በመሃሉ ይሾልካል» ተብሎ ውድቅ ሆነብኝ።

አክስቴ ደግሞ ሰኞ ገበያ ኩል እየወቀጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ለወንድሜ መሬት ነው? ወላሂ እንዲህማ አይሄድም!» ብለው ሙቀጫዬን ነጠቁኝ። ወቀጡት፣ በንጹሕ ሻሽ ነፉት፣ እንደገና ወቀጡት።

ዱቄቱን ቴፕ ላይ በስሱ ቀብቼ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ብርሃን የሚያሾልክ አንድ ቀዳዳ የለውም!

(የተረፈውን ሊኳሉት ሲሉ ለጥቂት ነው የደረስኩባቸው።)

ከናሙናው ጋር የሚላከው ቅጽ ላይ «ናሙናውን ያዘጋጀው» የሚል ቦታ አለ። ሁሌም የራሴን ስም ነበር የምጽፈው።

«ምን ጻፍሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ስምዎን።»

«የአባቴንም ጨምሪበት» አሉ።

እናንተስ፣ ትምህርት ቤት ያላስተማራችሁን ማን አስተማራችሁ? ስሙን ከነአባቱ እዚህ ጻፉለት።