አፏን የማታከራየው አማካሪ

የቢሮ ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ደንበኛ በንዴት ጦፎ ገብቶ «ዛሬውኑ መግለጫ ይውጣልኝ!» ሲል መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው ቃል «ቆይ» ነውና። ባሏም «ላግባሽ ስላትም ‹ቆይ› ብላኝ ሁለት ዓመት ተገትሬያለሁ» እያለ እንግዳ ያስቃል።

በኮሙኒኬሽን አማካሪነት ፀጉሯ ሸብቷል። አብረዋት ከጀመሩት ብዙዎቹ የሰው ጭንቀት መሸከም ታክቷቸው ወደ ሌላ ሥራ ገብተዋል። እሷ ሲሰድቧት አታኮርፍም፤ ሲያወድሷት አትኮፈስም። የደንበኛዋን ጉዳይ እንደ ራሷ ታስብበታለች እንጂ የራሷ ነው ብላ አትወስደውም።

አንድ ቀን ነባር ደንበኛዋ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አስጠራት። ከሽመና ክፍሉ በላይ ያለው ቢሮው መስኮቱ በማሽኖቹ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ደፉ ላይ የሱፍ ብናኝ ተኝቷል። ከሁለቱ የሽመና አዳራሾች አንዱ ሊዘጋ፣ ግማሹ ሠራተኛ ሊሰናበት ነው።

«ለሠራተኞቹ እርስዎ ይንገሩልኝ» አላት። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።» መላጣውን ዳሰሰ። «ሁለተኛው ደርሶብኛል፤ ከአንደኛው ያውጡኝ።»

ሳቀች። «አብረን እናዘጋጀዋለን፤ እስኪለምዱትም አለማምድዎታለሁ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ የምከፍልዎ ለምንድን ነው?»

«ለምክር። አፌን አላከራይም።»

«እንግዲያው ውላችን እዚህ ላይ ያበቃል!»

ያን ውል ካጣች ቢሮዋን መዝጋቷ ነው። ደረጃውን ሲወርዱ አብራት የመጣችው ረዳቷ አላስቻላትም። «እትዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ብትናገሪለት ምን ይጎድልብሻል?»

«እኔ ምንም። እነሱ ግን የሚያውቁት እሱን ነው። መርዶውን ከእንግዳ አፍ ከሰሙ ‹ሸሸን› ነው የሚሉት።»

ሰውየው ቢያኮርፍም ውሉን አላፈረሰም፤ ለልምምዱ መጣ። በስብሰባው ቀን መድረክ ላይ ቆሞ «ውድ ሠራተኞቻችን» አለና ምላሱ ተሳሰረ። ወረቀቱን ገለባበጠ። ዓይኑ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችውን አማካሪ ፈለገ። ቃሉን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ጉልበቷ ተነሺ ተነሺ እያላት ቦርሳዋን ጨበጠች፤ አልተነሳችም። አንዱ ሳለ፤ ወንበር ሲጢጥ አለ።

«ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ ዝም አይባልም» ብላ አጠገቧ ያለች ሸማኔ አንሾካሾከች።

ከፊት አንድ አዛውንት ቀለም ነካሪ ተነሱ። «ልጄ፣ ክፉ ወሬ መሆኑን ከፊትህ አይተነዋል። አውጣውና እንተንፍስ!»

ጥቂቶች ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። «የታችኛው አዳራሽ ሊዘጋ ነው» አለ። «ግማሻችሁን ላሰናብት ነው። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።»

አዳራሹ ተናወጠ። «እስከ ዛሬ ምን አፍህን ያዘህ?» «እነማን ነን የምንወጣው?» የሰደበው ሰደበው፤ ያለቀሰም አለ። የሚያውቀውን መለሰ። ያላወቀውን «አላውቅም፤ አጣርቼ ራሴ እነግራችኋለሁ» አለ። እስኪመሽ ከመድረኩ አልወረደም።

ሰዉ ሲወጣ ኮሌታው በላብ ርሶ ወደ እሷ መጣ። «ስሰጥም እያዩኝ ቁጭ አሉ!»

«ብነሳ ኖሮ ከነገ ጀምሮ የሚጠይቁት እኔን ነበር።»

አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አጣጠፈው፤ እሷም አላጣደፈችውም።

«ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል» አለ በመጨረሻ። «የስንብት ካሳው ከፍ እንዲልላቸው እጠይቃለሁ። እዚያም ከኋላ ይቀመጡልኛል?»

«እቀመጣለሁ» አለችው።