መኪናዬን ሸጬ በሚኒባስ የተመለስሁበት ቅዳሜ

ፍኖተ ሰላም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

መኪናዬን ልሸጥ ወደ ቡሬ ተነሣሁ። አብረውኝ የተሳፈሩት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ መኮንን ግን ሊሸኙኝ ሳይሆን ሊያስቀሩኝ ነው።

«ይህችን መኪና የሸጥሽ ለት ከቤትሽ አልገባም!» ብለውኛል። ለእሳቸው መኪናዋ የቤተሰባችን ክብር ናት። ቡሬ እየተመላለስሁ የማስተምረው እኔ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ልኳን አውቄያታለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቤንዚኑ ብቻ ነው። ስለ ጎማው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቦሎው፣ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ስለፈጀኋቸው ቅዳሜዎች አስቀድሞ የነገረኝ የለም።

ከከተማው እንደወጣን በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ግራ ቀኙን አቅልቶታል።

«እይው እስቲ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ ይዩት። እኔ ጉድጓዱን እያየሁ ነው።»

ቡሬ ልንደርስ ስንል ጎማው ተነፈሰ። ክሪክ አውጥቼ ስታገል ሁለት ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን እየነፉ አለፉን። ጋሼ እንዳላዩ ሆኑ።

ቡሬ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ገዢው ነጋዴ ጎማዎቹን በእግሩ እየነካካ፣ «ምን ሆና ነው የምትሸጪያት?» አለኝ።

ጋሼ በክርናቸው ጎሰሙኝ። እኔ ግን የደበቅሁት የለም፤ ያወጣሁባትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርሁት። ሰውየው ሣቀና ለጎማው ትንሽ አስቀንሶ ገዛት። ተፈራርመን ቁልፉን ሰጠሁት። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ።

ስምንት ሰዓት፣ መናኸሪያ

ለሁለታችን ዐሥራ አራት ብር ከፍለን ሚኒባስ ገባን። ጋሼ አኩርፈው በመስኮት ያያሉ። ከኋላችን አንድ ድምፅ ተሰማ።

«መምህርት! አለሽ?»

ማንኩሳ የሚወርዱት የበርበሬ ነጋዴ፣ እትዬ አስካለ ናቸው። መኪና ሳልገዛ በፊት በዚሁ መንገድ ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል።

«ብትጠፊብኝ ታማ ነው ብየ ለማርያም ጧፍ ተሳልሁልሽ እኮ!»

«በመኪና ነበር የምመላለሰው።»

«በዚሁ መንገድ?»

«በዚሁ መንገድ፣ እትዬ።»

እትዬ አስካለ ዘንቢላቸውን እቅፋቸው ላይ አደላደሉ። «እኔማ ባለቤቴ ሲያርፍ ለቅሶ ሳትደርሽኝ ብትቀሪ ጊዜ፣ በጤናዋ አይደለም አልሁ።»

አፈርሁ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። በየቀኑ በደጃቸው አልፌያለሁ፤ ድንኳኑንም ሳላየው አልቀርም፤ ግን የማን እንደሆነ ቆሜ አልጠየቅሁም።

ጋሼ ከቡሬ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ነፍስ ይማር» አሉና የእትዬ አስካለን ዘንቢል ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ማንኩሳ እስክንደርስ አልለቀቁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ቤቴ

ከመናኸሪያ በእግራችን መጣን። ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ከቤትሽ አልገባም ብያለሁ።»

«ብለዋል።» ዱካ አውጥቼ ደጁ ላይ አኖርሁላቸው። ተቀመጡ።

መኪና ገንዘብ እንደሚበላ ስሄድም አውቅ ነበር። ምን ያህል ሰው እንዳሳጣኝ ያወቅሁት ስመለስ ነው። የፍኖተ ሰላም ሰው «ከሰረች፣ ሸጠች» ይበለኝ፤ ደግሜ አልገዛም።

ውኃ ሳቀርብላቸው ጋሼ ብርጭቆውን ይዘው ቆዩ።

«ሴትዮዋን መቼ ነው ለቅሶ የምትደርሻት?»

«ነገ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ።»

«ቀድመሽ ከደረስሽ ቦታ ያዢልኝ» አሉ።